«ትልቋ ዓሣ ታማለች»

ማክሰኞ ጠዋት ቡናዬን ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ትልቋ ዓሣ ታማለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሸክላዋ ሥር አልወጣችም። ዶክተር ‹መድኃኒት ይዞ ይምጣ› ብሏል።»

መድኃኒት ይዤ አልሄድኩም። ለምን እንዳልያዝኩ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ የሰው አኳሪየም መንከባከብ ነው። ክሊኒክ፣ ምግብ ቤት፣ አንዳንድ ደህና ገንዘብ ያለው ሰው ቤት፤ ባልዲዬንና ቱቦዬን ይዤ እዞራለሁ። ጓደኞቼ «ዓሣ አጣቢው» ይሉኛል። የማጥበው ውኃውን እንጂ ዓሣውን አይደለም፤ ብነግራቸውም አይሰሙኝም። ወደዚህ ሥራ የገፋኝ አሰብ ይመስለኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው፤ አባቴ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ድንጋዩ ላይ በሆዳችን ተኝተን ወደ ውኃው እናይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ቤታችንን ትተን ወጣን። አሜሪካ ገብቼ ታክሲ ስነዳ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ስጠብቅ በአንድ የዓሣ ሱቅ መስኮት ያንን ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነ የቀይ ባሕር ዓሣ አየሁት። እዚህ ፐርፕል ታንግ ይሉታል። ዋጋው የዚያን ቀን ገቢዬን ያስንቃል። ገዛሁት ብል ውሸት ነው፤ ገብቼ ሥራ ጠየቅሁ።

ክሊኒኩ ስደርስ መጠበቂያ ክፍሉ ሞልቷል። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከአኳሪየሙ ጎን ተቀምጠው መስታወቱ ላይ አፍጥጠዋል። ባልዲዬን ሳስቀምጥ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ የዚች ጌታ አንተ ነህ?»

«ጠባቂዋ ነኝ፣ እማማ።»

«አልታመመችም እኮ፤ አርጅታ ነው። ዓይኗን እየው። የኔንም ሞራ ሳይገፍፉልኝ በፊት እንዲሁ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁር መሆን የነበረበት የቀኝ ዓይኗ መሐል ወተት ጠብ ያለበት መስሏል። የዓይን ሞራ ነው። ብርቱካናማ ቀለሟ እንደታጠበ ሸሚዝ ፈዟል፤ ጀርባዋ ትንሽ ጎብጧል፤ የጅራቷ ጫፍ ተሸራርፏል። ከሸክላው ሥር ስትወጣ ደግሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቀዝፋ ታርፋለች፣ ሁለት ጊዜ ቀዝፋ ታርፋለች። በሳምንት አንድ ቀን የማያት እኔ ቀስ በቀስ ስለሆነብኝ አላስተዋልኩም። እማማ በአሥር ደቂቃ አወቁት።

ዓሣዋ «እቴጌ» ትባላለች። ወደ ክሊኒኩ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዶክተሩ ዓመቱን አይረሳውም፤ ክሊኒኩን የከፈተበት ነው፣ «ፋይንዲንግ ኔሞ» የሚባለው የካርቱን ፊልም የወጣውም በዚያው ዓመት ነበር። መርፌ የሚፈሩ ሕፃናት ዝም እንዲሉለት ሁለት ክላውንፊሽ ገዛ፤ እነዚያን ነጭ መቀነት የታጠቁትን። ያኔ ሁለቱም የአውራ ጣት ጫፍ አያህሉም ነበር። አንዷ አድጋ እቴጌ ሆነች፣ ሌላው ትንሽ እንደሆነ ቀርቶ ኔሞ ተባለ። ስለዚህ የማክሰኞ ዕለቷ በሽተኛ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እያመጡ ያሳዩዋታል።

ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። «ዓሣ ሃያ ዓመት?» ይላል። ግን ዓሣ ስንት ዓመት ይኖራል ብሎ በጅምላ መጠየቅ አራዊት ስንት ዓመት ይኖራሉ እንደማለት ነው። በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ኢቪዮታ የምትባል ኢምንት ዓሣ አለች፤ ረጅሙ ዕድሜዋ 59 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም በሚገባበት ዕለት ብትፈለፈል ፋሲካን ትደርስበታለች፣ ዳግማይ ትንሣኤን ግን አታይም። በዚያው ሪፍ የሚኖሩት የታንግ ወገኖች ግን አርባ ዓመት ይሻገራሉ። በሰሜኑ ባሕሮች ቅዝቃዜ ውስጥ የሚኖረው የግሪንላንድ ሻርክማ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት ሆኗት ተገኝታለች። የእቴጌ የቅርብ ዘመድ የሆነች ሌላ የክላውንፊሽ ዝርያ ደግሞ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ተጠንታ፣ ሴቷ እስከ 30 ዓመት ልትኖር እንደምትችል እ.ኤ.አ. በ2007 ተገምቷል። መዳፍ ውስጥ ለምትገባ ፍጥረት ይህ ትልቅ ዕድሜ ነው። ምክንያቱ ቤቷ ነው ይባላል። ክላውንፊሽ የምትኖረው አኔሞኒ በሚባል የሚናደፍ የባሕር ፍጥረት ክንዶች መሐል ነው፤ እሷን አይጎዳትም፣ ሊበላት የሚመጣውን ግን ያቃጥለዋል። ጠላት ቶሎ የማይጨርሰው ፍጥረት በብዙ ትውልድ ውስጥ ዝግ ብሎ ማርጀትን ይለምዳል።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? ዓሣ ጭንቅላት ውስጥ የሚሰማበትና ሚዛኑን የሚጠብቅበት ትንሽ የጆሮ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየጨመረ ያድጋል፤ ተሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ችግሩ፣ ለመቁጠር ዓሣው መሞት አለበት። በሕይወት ላለ የአኳሪየም ዓሣ ከገዢው ደረሰኝ የተሻለ የልደት ወረቀት የለውም።

እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ሥራ ያየሁት አብዛኛው ዓሣ ለእርጅና አይበቃም። የጨው ውኃ አኳሪየም ዓሣ አብዛኛው ዝርያ እንደ ዶሮ የሚረባ ሳይሆን ከባሕር የሚታፈስ ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሪፍ ላይ ሳያናይድ ረጭቶ አደንዝዞ መያዝ የቆየ ልማድ ነው፤ ያ መርዝ የነካው ዓሣ ሱቅ ደርሶ፣ በልቶ፣ ተሽጦ፣ ከዚያ በኋላ ይሞታል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ገዢው ይጨርሰዋል። አዲስ ታንክ ውስጥ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ለመራባት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ሰዉ ግን ታንኩን ቅዳሜ ገዝቶ ዓሣውን እሑድ ይከተዋል። አሞኒያው ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ልጁ ሲያለቅስ ሌላ ይገዛል። «ዓሣ ዕድሜው አጭር ነው» የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ክላውንፊሽ ግን ዛሬ በየቦታው በታንክ ይረባል፤ ከባሕር ያልተያዘ ይሰጠኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልመለስ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ፐርፕል ታንግ እንከባከብ ነበር። ያው የአሰቡ ዓሣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እጄ ላይ ኖሯል፤ ስመጣ መስታወቱ ድረስ መጥቶ ይቀበለኝ ነበር። ከጅራቱ ሥር እንደ ቀዶ ጥገና ቢላዋ የሰላ እሾህ አለው፤ ሁለት ጊዜ ቆርጦኛል፣ አልተቀየምኩትም። አንድ ሰሞን ከሳ፣ ቀለሙ ፈዘዘ፣ ግንባሩና ጎኑ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያለ ጉድጓድ አወጣ። ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጥብ ያየሁ መሰለኝ። የጨው ውኃ ዓሣ የሚፈጅ፣ ጨው የተነሰነሰበት የሚያስመስል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ እሱ ነው አልኩ። ፍቱን መድኃኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ መርዝ ነው፤ ሕክምናው ተሕዋሱ ከዓሣው ቀድሞ እንዲሞት መወራረድ ነው። ለብቻው አውጥቼ መዳብ ውስጥ አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን መብላት አቆመ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሳልቀብረው በፊት ከፈትኩት። ስንጥቡ ላይ አንድም ተሕዋስ የለም። ነጥብ ያልኩት አሸዋ ሳይሆን አይቀርም። ጉበቱ ግን ቢጫ ሆኖ እንደ ቅቤ ይሟሟል። ታንግ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ አረም የሚግጥ ዓሣ ነው፤ የባሕር በግ በሉት። የምግብ ቤቱ ሠራተኞች ግን ስለሚወዱት ሽሪምፕና የተረፈ ሥጋ ሲወረውሩለት ኖረዋል፤ እኔም እያየሁ ዝም ብያለሁ። የግንባሩ ጉድጓድ ከአመጋገብና ውኃ ለማጣራት ከምናስገባው ከሰል ብናኝ ጋር የሚያያዝ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ዓሣ ገና ብዙ ዓመት ሊኖር ይችል ነበር። የገደለው እርጅናም በሽታም አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ዓሣ አንድ መስመር፦ በልቷል፣ አልበላም፤ ስንጥቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ ተከፈተ፤ ቀለሙ፤ የት ተኛ። እርጅናንና በሽታን የምለየው በዚህ ደብተር ነው። በሽታ ይቸኩላል፤ ማክሰኞ ደህና የነበረው ዓርብ ያለከልካል፣ ሰውነቱን ድንጋይ ላይ ያሻሻል፣ ጎረቤቱም ይከተላል። እርጅና አይቸኩልም፣ ጎረቤትም አይነካም። ከዚህ የሚያሳስተኝ አንድ ብቻ ነው፤ የዓሣ ቲቢ የምንለው። ከሰው ቲቢ ጋር ዘመዳሞች በሆኑ ባክቴሪያዎች የሚመጣ ነው፤ ዓሣውን በወራት ቀስ ብሎ ያከሳል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ እርጅናን ይመስላል። ወደ ሰውም በተቆረጠ እጅ ሊገባ ይችላል። ቁስል ካለኝ ያለ ጓንት ታንክ ውስጥ እጄን አልከትም፤ እናንተም አትክተቱ።

ማክሰኞ ዕለት ወንበር ስቤ የእቴጌን ስንጥብ ሦስት ጊዜ በሰዓት ቆጠርኩ፤ ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። አልጨመረም። ኔሞና ሌሎቹ ደህና ናቸው። ውኃውን ለካሁ። ችግር የነበረው ጨው ላይ ነው፤ ከፍ ብሏል። ለካ ልጅቷ ውኃው በጎደለ ቁጥር እኔ አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩትን የጨው ውኃ ስትጨምርበት ኖራለች። የአሰብን ወይም የአፍዴራን ጨው ሲመረት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ፀሐዩ ውኃውን ይወስዳል፣ ጨው ይቀራል። አኳሪየምም እንዲሁ ነው፤ ለተነነው የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው።

የጨው ከፍ ማለት ለወጣት ዓሣ ቀላል ነው፣ ለአሮጊት ግን አይደለም። የባሕር ዓሣ ውኃ ውስጥ እየኖረ ይጠማዋል። ዙሪያው ያለው ውኃ ከደሙ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ውኃው ከሰውነቱ በስንጥቡ በኩል ይመጠጣል፤ ለመተካት ቀኑን ሙሉ የባሕር ውኃ ይጠጣል፣ ከጠጣው ውስጥ ያለውን ጨው ደግሞ በስንጥቡና በኩላሊቱ መልሶ ያወጣል። ለአንዲት ሰከንድ አያርፍም። ስንጥብና ኩላሊት ሲደክሙ ጨው ትንሽ ከፍ ቢል ሌላው ዓሣ ሳይሰማው አሮጊቷ ትወድቃለች። ስለዚህ ልጅቷም እማማም ልክ ነበሩ፤ አርጅታለች፣ በእርጅናዋ ላይ ግን እኛ ሸክም ጨምረንባታል።

መድኃኒት የጠበቀው ዶክተር ባዶ እጄን ሲያይ ቅር አለው። ጨውን በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት እያወረድኩ አስተካከልኩ። ፓምፑን ዞር አድርጌ የውኃው ግፊት ከሸክላዋ እንዲርቅ አደረግሁ፤ መብራቱን ቀነስኩ። ለልጅቷ አንድ ረጅም መምጠጫ ሰጠኋትና ሽሪምፑን በጣም አድቅቃ፣ ቫይታሚን አጥቅሳ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አፏ ሥር እንድታቀርብላት አሳየኋት። በአንድ ዓይን የምታይ ዓሣ ተሽቀዳድማ መብላት አትችልም፤ ምግብ እያለ ትራባለች። በሦስተኛው ሳምንት እቴጌ ከሸክላዋ ወጥታ ልጅቷን መጠበቅ ጀመረች። አምስት ወር ደህና ኖረች። አንድ ጊዜ እንደ ድሮው ሸክላው ላይ እንቁላል ጣለች፤ ጥቂት ነበር፣ ኔሞም በክንፉ እያራገበ ጠበቀው።

ከዚያ መብላት አቆመች። በዚህ ጊዜ ጨውም ልክ ነው፣ ሁሉም ልክ ነው። በጎኗ መተኛት ጀመረች፤ ምግቡ አፏ ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ዶክተሩ ከታካሚ በኋላ በሩን ዘግቶ አጠገቤ ቆመ። «ትሠቃያለች?» አለኝ። ይመስለኛል አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ ሼድ አኳሪየም የገባ «ግራንዳድ» የሚባል የአውስትራሊያ ዓሣ እንደነበር ነገርኩት፤ እሱ የጨው ውኃ ዓሣ አይደለም፣ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ እዚያው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2017 መብላት ሲያቆምና ሰውነቱ ሲከዳው ጠባቂዎቹ ራሳቸው በሰላም አሳረፉት። ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንን ነው።

ዓሣ የሚያሳርፈው የቅርንፉድ ዘይት ነው። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው፣ እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም የሚያስነክሱን ያው ቅርንፉድ። ውስጡ ያለው የሚያደነዝዝ ነገር መጠኑ ሲያንስ ዓሣን ያስተኛል፣ ሲበዛ ከእንቅልፉ አይመልሰውም። ዶክተሩ ሳቀ፤ ከመሳቢያው አንድ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። የጥርስ ሐኪም አይደል። የዓሣ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም መጠኑን በስልክ ነገረን፤ ከታንኩ ውኃ በሣህን ቀዳን። ክፍሉ የክሊኒክም የሻይ ቤትም ሽታ ሸተተ። እቴጌ አንድ ጊዜ ዞረች፣ ቀስ ብላ ዘንበል አለች፣ ስንጥቧ መከፈቱን አቆመ። ልብ ከስንጥብ በኋላ ትንሽ ስለሚቆይ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሕያው ዓሣ ሽንት ቤት የሚደፉ፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚከቱ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን አታድርጉ፤ ሁለቱም የዝግታ ሞት ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ደወለች። «ጋሼ፣ ኔሞ ብቻውን ሆነ፤ ሌላ ሴት ግዛለት።» ሴት አያስፈልገውም አልኳት። ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ይጀምራል፤ ከመሐላቸው ትልቋ ሴት ትሆናለች፤ እሷ ስትሞት ወንዱ ያድግና ራሱ ሴት ይሆናል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ተፈጥሮን ቢከተሉ ኖሮ የኔሞ አባት እናት በሆነ ነበር። «ከሱ የሚያንስ ትንሽ ዓሣ ነው የሚገዛው» አልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች።

ትንሹን ባለፈው ወር ገዛን፤ በታንክ የተረባ ነው፣ ደረሰኙን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ያን ዕለት በኔሞ ቁመት ልክ መስታወቱ ላይ በማርከር ያሰመርኩት መስመር ዛሬ ያንሰዋል። ልጅቷም «እቴጌ» ብላ የምትጠራው እሱን ነው።